መልስ፦ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለቀጠሮ ስንት ሰዓት ልያዝ?

ለመንገዱ 8 ሰዓት ያዝ። "አንዴ 5 ሰዓት ፈጀብኝ፣ አንዴ 8 ሰዓት፣ መሃሉን ልውሰድ ወይ?" ላልከው፣ መሃሉን አትውሰድ። መሃሉ የሚያገለግለው ደህና ቀን ሲገጥምህ ነው። ቀጠሮህ የማይታለፍ ከሆነ ደግሞ በዋዜማው ገብተህ እደር።

መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰዓትህን የሚበላው ግን ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማው ነው። እዚያ ተሳቢው በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው፣ አንዱ ጠመዝማዛው ላይ ተበላሽቶ ከቆመ ደግሞ ከኋላው ያለው ሁሉ ይሰለፋል። ስለዚህ ደጀን ላይ ሻይ እየጠጣህ ከማዶ የመጡ ሾፌሮችን "በረሃው እንዴት ዋለ?" በላቸው። ከስልክህ ካርታ የተሻለ ይነግሩሃል። ሱሉልታ ስትደርስም ደረስኩ አትበል፣ የከተማው መግቢያ ራሱ ሰዓት ይወስዳል።

አደራህን፣ የባከነውን ሰዓት በረሃው ውስጥ በመቅደም ለማካካስ አትሞክር። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ከኩርባው በፊት ልቀድም ወጣሁ፤ ከፊቴ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ዳር ይዤ ስቆም እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በመስኮት ይገባል። ቀጠሮውም አመለጠኝ፣ በማግስቱ ሄጄ ጨረስኩት።