ቀስቷ ዜሮ ላይ ቆመች ማለት አልተርኔተሩ ሞተ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አጎቴ ያወረሰኝ የድሮ ሲሪስ ቱ ላንድሮቨር አለኝ፣ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው የድሮ ዲናሞ በ60 አምፒር አልተርኔተር ከተቀየረ ቆይቷል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ግን መሀሉ ዜሮ ግራና ቀኙ 30 የሚል አምፒር ጌጅ እስካሁን አለ። ጠዋት ሳስነሳው ቀስቷ ወደ ቀኝ ትሄድና ትንሽ ቆይታ ወደ ዜሮ ትመለሳለች፣ ከዛ መንገዱን ሙሉ እዛው ናት። አንዱ መካኒክ አልተርኔተሩ ሞቷል ይቀየር ይላል፣ ሌላው ጌጁን ነቅለን ቮልት ጌጅ እንግጠምልህ ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ አልተርኔተር እንዳትገዛ፣ ቀስቷ የምታደርገው ማድረግ ያለባትን ነው። አምፒር ጌጅ የሚነግርህ ባትሪው ምን ያህል እንደያዘ ሳይሆን ወደ ባትሪው እየገባ ነው ወይስ እየወጣ የሚለውን ነው። ስታስነሳ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ከባትሪው ብዙ ይወስዳል (እሱ በጌጁ ስለማያልፍ አታየውም)፣ ከዛ አልተርኔተሩ የተወሰደውን ሲመልስ ቀስቷ ቀኝ ትሄዳለች፣ ባትሪው ሲጠግብ ደግሞ ምን ይግባበት፣ ዜሮ ላይ ታርፋለች። በናንተ አገር የህዳርና የታህሳስ ውርጭ ሞተሩም ከብዶ ስለሚዞር ባትሪውም አቅሙ ስለሚወርድ ቀኝ ላይ ቆየት ብትል አይግረምህ።

ማረጋገጥ ከፈለክ ሞተሩ ሳይነሳ ትልቁን መብራት አብራ፣ ቀስቷ በግራ 10 አካባቢ ትወርዳለች። ከዛ አስነሳና ነዳጅ ትንሽ ረገጥ አርግ፣ ወደ ዜሮ ወይ ወደ ቀኝ ከመጣች ቻርጅ እያደረገ ነው። ነዳጅ ሰጥተህም ግራ ላይ ከቀረች ያኔ መካኒኩ ልክ ነው፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ አልተርኔተሩን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ እንዳይሆን ይታይ። ደሞ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ነቅለው "ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል" የሚሉ አሉ፣ እንዳታስነካቸው! የድሮ ዲናሞ ዘመን ልማድ ነው፣ አልተርኔተር ላይ ሲሆን ቮልቱ ድንገት ይዘልና ውስጡ ያለውን ዳዮድ (ከረንቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) ያቃጥላል፣ ጤነኛውን ገድለው "አላልኩህም?" ይሉሃል።

ሁለተኛው ሰውዬ ግን ምክንያቱን ባይነግርህም ያለው ነገር አለ። ከሞተሪኖው በቀር ወደ ባትሪው የሚገባውም ከባትሪው የሚወጣውም ከረንት በዛች ጌጅ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ እሷ ደግሞ የተሰራችው ለ30 ነው። ባትሪው ባዶ በሆነበት ቀን 60ው አልተርኔተር ያለ የሌለውን ወደ ባትሪው ይልካል፣ ከኋላዋ ያለው ዳዶ ትንሽ ከላላ ደግሞ እዛው ይግላል፣ የድሮ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ እሳት ከሚነሳባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታና ከጌጁ ኋላ ያሉትን ሁለት ወፍራም ሽቦዎች እያቸው፣ ፕላስቲካቸው ከጠቆረ ወይ ከደረቀ ዛሬ ነገ አትበል።

እኔ ብሆን ቮልት ጌጅ ነው የማስገባው። አምፒር ጌጁ ለመልኩ እዛው ይቀመጥ፣ ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች ግን አንድ ላይ በደንብ ታስረው ይሸፈኑ፣ እንዲሁ ነቅለህ ከተውካቸው መብራትም የለህ ቁልፍም አይሰራ። ቮልት ጌጁ ከቁልፍ በኋላ በትንሽ ፊውዝ የሚመጣ ቀጭን ሽቦና ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰር ሽቦ) ብቻ ነው የሚፈልገው። ሳይነሳ 12.6 አካባቢ ካለ ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ሲሰራ ከ13.8 እስከ 14.4 ይሁን። እየነዳህ ከ13 በታች ከከረመ ቻርጅ የለም። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ተበላሽቷል፣ ባትሪው ይፈላል ውሃው ያልቃል፣ በተለይ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስትወርድ። ይሄን አምፒር ጌጅ በቀላሉ አይነግርህም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነኝ። የአባቴ ቮልስዋገን ላይ ቀዩ የቻርጅ መብራት ቁልፍ ስከፍትም አይበራም፣ መንገድ ላይም አይበራም። ሰላም ነው ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ የግድ መብራት አለበት፣ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይ ሽቦው ተቆርጧል፣ በዚያው ቀን አስቀይሪው። የዚህች መኪና ሞተር ውሃ የለውም፣ የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረው ዲናሞው ነው፣ ቺንጋው አንድ ነው። ስለዚህ ወደ ታርማበር ሽቅብ ስትወጪ ቺንጋው ቢበጠስ ቶሎ የሚነግርሽ ያ ቀይ መብራት ብቻ ነው፣ እንደበራ ዳር ይዘሽ ሞተሩን አጥፊ፣ "ከተማ ልድረስ" ካልሽ ሞተሩ ግሎ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና የዲናሞውን ፑሊ እንዳይዞር የምትይዥበት ካቻቢቴ ከመኪናው አይጥፉ፣ ቺንጋው ሲገባ በአውራ ጣት ስትጫኚው አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ከገባ ይበቃል።