የኮሌጅ የሥዕል መምህር መሆን ለምትፈልጉ፤ ጥያቄያችሁን አምጡ

ጤና ይስጥልኝ። በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሰሞኑን ብዙ ወጣቶች በግል ስለ ጻፋችሁልኝ፣ ለየብቻ ከምመልስ ሁላችሁም ባላችሁበት ብመልስ ይሻላል ብዬ ነው። አንድ ነገር ላሳስብ፦ ስትጠይቁ የት እንደ ደረሳችሁ ንገሩኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናችሁ? ዲግሪ ይዛችኋል? ወይስ እያስተማራችሁ ነው? ይህን ሳላውቅ የምሰጠው ምክር ለማንም አይጠቅምም።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ የዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከእርሳስ ጀምር። መንገዱ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ፤ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ነው። ቀለም ቅብ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ግራፊክስ፣ እንዲሁም የሥነ ጥበብ መምህርነት ይሰጥበታል። የማትሪክ ውጤት ብቻውን አያስገባህም፤ ተቀምጠህ የምትስልበት የመግቢያ ፈተና አለው። ዲግሪ ለመያዝ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ማለፍም ግድ ነው። በዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጋር የምትቀጠረው በረዳት ምሩቅነት ነው፤ ሌክቸረር ለመባል ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። የምዝገባ ቀንና መስፈርት በየዓመቱ ይለዋወጣልና የዓመቱን ማስታወቂያ ራስህ አንብብ፤ ከሰው ሰምተህ አትነሣ።

ለፈተናው ከአሁኑ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሳል። እቤትህ ያለውን ጀበና መስኮት አጠገብ አስቀምጠው። አብዛኛው ልጅ የሚስለው በልቡ የሚያውቀውን ጀበና ነው፤ አንገቱን ቀጥ፣ ሆዱን ክብ አድርጎ ይጨርሳል። አንተ ግን ጀበናው ማቶቱ ላይ ያረፈበትን ቦታ ተመልከት። እዚያች ጠባብ መስመር ላይ ያለው ጥላ ከሁሉም የጠቆረ ነው፤ ከሆዱ በታች ደግሞ ከጠረጴዛው ተመልሶ የመጣ ደብዛዛ ብርሃን አለ። እኔ የተማሪ ሥራ ስመለከት ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ያየና ያላየ ይለያል። ከፎቶግራፍ ግን አትቅዳ፤ ምን ይብራ ምን ይጨልም የሚለውን ካሜራው አስቀድሞ ወስኖልሃል፤ ያንተ ዓይን ምንም አልሠራም።

ከሐዋሳ፦ ደመወዙ ስንት ነው?

መልስ፦ እንደ ማዕረጉና እንደ መሥሪያ ቤቱ ይለያያል። የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ይጻፋል። ቀጣይ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት አስተማሪ ነኝ፤ ወደፊት ኮሌጅ ገብቼ መምህራንን ማሠልጠን እፈልጋለሁ። አሁን ግን ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዤ፣ ቀለም የለ፣ ወረቀት የለ፣ ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል።

መልስ፦ አንቺ ከሁሉም ቀድመሻል፤ ኮሌጅ ውስጥ የምታሠለጥኛቸው ሰዎች የሚሄዱት እንዲህ ወዳለ ክፍል ነውና። አንድም ቀን እዚያ ያልቆመ አሠልጣኝ የሚያስተምረው ነገር ከኮሌጁ በር አያልፍም።

ከከሰል ጀምሪ። የእርሳስ ውፍረት ያለው ደረቅ ቅርንጫፍ ሰብስቢ፤ አኻያ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል፣ የወይን ተክልም ጥሩ ነው። ቅርፊቱን ላጪና የወተት ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገሽ ደርድሪው። ክዳኑን ግጠሚ፤ በሚስማር አንዲት ቀዳዳ ብሺ። እሳት ውስጥ ስትከቺው በቀዳዳዋ ነጭ ጢስ መውጣት ይጀምራል። ጢሱ ሲቆም አውጪው፤ ግን ጣሳው እጅ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዳትከፍቺ። ቸኩለሽ ከከፈትሽ አየር ይገባውና እንጨቱ ተቀጣጥሎ አመድ ይሆናል። ይህን በየዓመቱ አሳስባለሁ፤ በየዓመቱም የሚከፍት አይጠፋም።

ለወረቀት የሲሚንቶ ከረጢት ፈልጊ። አቧራውን በደንብ አራግፈሽ የውስጠኛውን ንጹሕ ሽፋን ቁረጪ። ቡናማ መሆኑን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ወረቀቱ ራሱ መካከለኛውን ቃና፣ ማለትም በብርሃንና በጥላ መሐል ያለውን ድምቀት ይሰጣል፤ ከሰሉ ጥላውን፣ የሰሌዳ ጠመኔው ብርሃኑን ይጨምራል። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ወር የሚፈጀውን የብርሃንና የጥላ ትምህርት ልጆቹ በአንድ ሳምንት ያገኙታል።

ሰባውን ልጅ ደግሞ ወደ ሰሌዳ አታዙሪያቸው። አንድ እንስራ መሐል አስቀምጪና ዙሪያውን አስቀምጫቸው። እያንዳንዱ የሚያየው ጎን የተለየ ስለሆነ ከጎረቤቱ መቅዳት አይችልም፤ ቢቀዳም ስሕተቱ ይታያል።

ከአዳማ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከላይ ለደብረ ብርሃኑ ልጅ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ከዋሽንግተን፦ መምህር፣ ልጄ እዚህ ኮሌጅ ሥዕል እያጠና ነው፤ የኮሌጅ አስተማሪ መሆን ይፈልጋል። ዶክትሬት የግድ ነው ወይ?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አሜሪካ ውስጥ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ በስቱዲዮ ለማስተማር የመጨረሻው ዲግሪ ተብሎ የሚቆጠረው የፋይን አርትስ ማስተርስ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ወይም መምህራንን ማሠልጠን ከሆነ ሐሳቡ፣ እዚያ ዶክትሬት ይጠየቃል። ስለዚህ አስቀድሞ የትኛውን እንደሚፈልግ ይወስን። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እዚያው እናንተ ዘንድ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን አስተምሯል፤ ከአዲስ አበባ ሄደው ከእርሱ የተማሩ ሠዓሊዎች ስማቸው ዛሬ በዓለም ይታወቃል። ልጅዎ ሥራዎቹን ሄዶ በዓይኑ ይያቸው።

ከባሕር ዳር፦ ሥዕል በጣም እወዳለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ስለ ምን? ዕድሜህን፣ የትምህርት ደረጃህን፣ እስካሁን ምን እንደሳልክ አላልክም። መውደድህ ደስ ይለኛል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ የለኝም። በዝርዝር ጻፍልኝ።

ከጎንደር፦ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ቀለም ስበጠብጥለት፣ አቡጀዲ ስወጥርለት አደግሁ። ይህ ለኮሌጅ መምህርነት ይቆጠርልኛል?

ሌላ አባል፦ እንዴት ይቆጠራል? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የአካል መጠን የለው፣ ርቀት የለው። ኮሌጅ ሳይንሳዊ ሥዕል ነው የሚያስተምረው።

ከጎንደር፦ አባቴ ርቀት ስላላወቀ አይደለም እንደዚያ የሚስለው። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ርኩሱን በአንድ ዓይኑ በጎን መሳል ሥርዓት ነው። ሳያውቁ አይፍረዱ።

ሌላ አባል፦ ሥርዓት ከሆነማ ፈጠራ የለበትም ማለት ነው። እንደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያለውን ነው ፈጠራ የምለው።

ሦስተኛ አባል፦ ገብረ ክርስቶስን ያነሣኸው ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ገብቶህ ነው? እስቲ አንዱን ተንትንልን።

መልስ፦ በቃ፣ ከርዕሱ ወጣችሁ። ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ ረቂቅ ሥዕልን አስተማረ። እስክንድር በ1966 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ሲመለስ ከብራናውና ከጠልሰሙ ሥዕል ቀድቶ አዲስ ነገር ሠራ። ሁለቱም ያስተማሩት አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። እነርሱን የያዘ ቤት ለእናንተ ሊጠብባችሁ አይገባም። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው፣ በረድፍ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸውን የት እንደ ጣሉ ይመልከት፤ ሠዓሊው ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

አንተ የጎንደሩ ልጅ፣ የአባትህ ትምህርት በዲግሪ ፈንታ አይቆጠርም፤ ዲግሪው ግዴታ ነው። ግን አቡጀዲ እንዴት እንደሚወጠር፣ ሙጫው እንዴት እንደሚፈላ፣ ሸራው ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ በእጅህ ታውቃለህ። ይህን የሚያውቅ የኮሌጅ መምህር እጅግ ጥቂት ነው። አባትህ በሕይወት ሳሉ እያንዳንዱን ደረጃ ጻፍ፤ ልኩንም በስኒ ይሁን በማንኪያ መዝግብ። አንድ ቀን የማስተማሪያ ጽሑፍህ ይሆናል።

ከጅማ፦ ኮምፒውተር በራሱ ሥዕል በሚሠራበት ዘመን መማሩ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ይህን የዲዛይን መምህራን ይመልሱት። እኔ የምለው ከላይ ያልኩትን ነው፦ ዓይናችሁን የሚያሠለጥንላችሁ ሌላ ነገር የለም።

ከአዲስ አበባ፦ ለመግቢያ ፈተናው ከፎቶ ላይ የሳልኳቸውን የታዋቂ ሰዎች ሥዕሎች ይዤ ብሄድስ?

መልስ፦ ከፎቶግራፍ አትቅዱ አልኩ እኮ! ይዘሽ ልትሄጂ ከሆነ እናትሽ ሽንኩርት ስትከትፍ የሳልሻትን ይዘሽ ሂጂ። የተንጋደደ መስመር ቢኖረው አይጎዳሽም።

ከወልድያ፦ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ነው። ለቅጥር የሙከራ ትምህርት እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ብዙ ሥራ አለኝ፤ አስተምሬ ግን አላውቅም። ደካማ ሥራ ይዞ የሚመጣ ተማሪን እንዴት ነው የማርመው?

መልስ፦ ዛሬ ከተጠየቅሁት ሁሉ ይህን ስጠብቅ ነበር። ጥሩ መሳልና ማስተማር ሁለት ሙያ ነው፤ ሁለተኛውን የሚነግረን ስለሌለ ብዙዎቻችን ተማሪ ጎድተን ነው የተማርነው።

በመጀመሪያ ዓመቴ አንዲት ተማሪ የአያቷን እጅ ስላ አመጣች። ጣቶቹ አጥረው፣ አውራ ጣቱ ከቦታው ወጥቶ ነበር። እርሳሷን ከእጇ ተቀበልኩና በሦስት ደቂቃ አስተካከልኩላት። ክፍሉ በሙሉ ተገረመ፤ እኔም ጥሩ ያስተማርኩ መሰለኝ። ልጅቷ ግን ያንን ወረቀት ዳግመኛ አልነካችውም። በሚቀጥለው ሳምንት አበባ ስላ መጣች፤ ዓመቱን ሙሉ እጅ አልሳለችም። የአያቷ እጅ የእኔ ሥዕል ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ የተማሪን ወረቀት አትንካ። የራስህን ወረቀት ይዘህ አጠገቡ ተቀመጥና ያንኑ ነገር አንተም ሳል። ምን እንደምታይ ጮክ ብለህ ተናገር፤ «ይህ ጣት ከዚያኛው በምን ያህል ይረዝማል?» ብለህ ጠይቀው። እርሳሱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱ ይለካ። መልሱን ሲያገኝ እርማቱን በገዛ እጁ ያደርገዋል። በሙከራ ትምህርትህም ቀን ከፈታኞቹ አንዱን እንደ ተማሪ አስቀምጠህ ይህንኑ አድርግ። ሥራዎችህን ለማሳየት ሰዓቱን አታባክን፤ እነርሱን በማመልከቻህ አይተዋቸዋል። የራስህን ወረቀትና ሁለት የተቀረጸ እርሳስ ይዘህ ግባ።