ስኪ ለመማር ጉብታው ይበቃችኋል

ኅዳር ሲገባ ስልኬ ይበዛል። "እትዬ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ መጣ። ስኪ፣ በረዶ ላይ ሊያንሸራትቱን፣ ሊወስዱን ነው ይላል። ልፈርም ወይስ ይቅርበት?" ፈርሚ እላለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያችው ሴት መልሳ ትደውላለች። ልጁ ሄዶ መጥቶ ሌላ ወሬ የለውም፤ ጥያቄው አሁን "እኛስ የት እንውሰደው?" ሆኗል። ብዙ ጊዜ ስሙን የሰማችው አንድ የኮሎራዶ ተራራ አለ፤ ባልየው ደግሞ ዋጋውን አይቶ ራሱን ይዟል።

መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ከቤታችሁ በግማሽ ሰዓት የሚደረስበት ጉብታ ካለ እዚያ ሂዱ። አጭር ይሁን፣ ጎረቤት የማያውቀው ይሁን፣ ግድ የለም።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤም በጉልበቴም ከፍዬ ነው። ሚኒሶታ ከመጣን በስንት ዓመታችን የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ኮሎራዶ ይሄዱ ነበርና "ከሄድን አይቀር ትልቁን እንይ" ብለን ተከተልናቸው። ያ ተራራ ግርጌው ራሱ ከአዲስ አበባ በከፍታ ይበልጣል። ከፍታ እኛን ምን ያደርገናል ብዬ ተኩራርቼ ነበር፤ ሚኒያፖሊስ 250 ሜትር ላይ ዓመታት የኖረ ሳንባ ግን እንጦጦን ረስቶታል። "አረንጓዴ ምልክት ያለው መንገድ ለጀማሪ ነው" ብለው በቼርሊፍት፣ በገመድ ላይ በተንጠለጠለው ወንበር፣ አናቱ ላይ አወጡኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቁልቁለቱ ገር ነው። ርዝመቱን የነገረኝ ግን የለም። ሩቡን ሳልወርድ ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። ተቀመጥኩ። የአራት ዓመት ሕፃናት እየዘፈኑ በአጠገቤ አለፉ። በመጨረሻ ቀይ ጃኬት ላይ ነጭ መስቀል ያላቸው የስኪ ፓትሮል ልጆች በሸርተቴ አልጋ ላይ እንደ ታመመ ሰው ጠቅልለው አወረዱኝ። ለዚያ አንድ ቀን ያወጣነው ገንዘብ የሁለት ወር አስቤዛችን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ስኪ የሚባል ነገር ስሙ እንዲነሳ አልፈልግም ነበር። የመለሰችኝ ልጄ ናት፤ የመለሰችኝም ወደ ጉብታ ነው።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ዙሪያ ያሉትን ብታዩዋቸው፣ የጎጃም ወይም የሰሜን ሸዋ ሰው ተራራ ብሎ አይጠራቸውም። በርንስቪል ያለው ባክ ሂል በአይ-35 አውራ ጎዳና ዳር ነው፤ መኪና እየነዳችሁ ሙሉውን ታዩታላችሁ፤ ከላይ እስከ ታች 90 ሜትር ግድም ቢሆን ነው። ብሉሚንግተን ያለው ሃይላንድ ሂልስ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነው፣ 50 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ የሚያስተዳድረውም የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ነው። ከሴንት ፖል በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሴንት ክሮይ ወንዝ አጠገብ ያለው አፍተን አልፕስ ሰፋ ያለ ነው፤ መንገዶቹም ይበዛሉ። ከስሙ አልፕስን አትጠብቁ፣ ቁመቱ 100 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ራቅ ብለው ዋይልድ ማውንቴንና ድንበሩን ተሻግሮ ዊስኮንሲን ውስጥ ትሮልሃውገን አሉ።

አጭር መሆኑ ምን ይጠቅማል ትሉኛላችሁ። ስኪ የሚለመደው በምልልስ ነው። ትልቅ ተራራ ላይ አንዴ ለመውረድ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ጀማሪ፣ ጉብታ ላይ በአንድ ማታ ሃያ ጊዜ ይወርዳል። ሃያ ጊዜ ይጀምራል፣ ሃያ ጊዜ ይቆማል። ታዋቂዋ አሜሪካዊት የስኪ ተወዳዳሪ ሊንዚ ቮን ልጅ ሆና የሠለጠነችው እዚያው ባክ ሂል ላይ ነው፤ በገመድ እየተጎተቱ መውጣት፣ መውረድ፣ እንደገና መውጣት። እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ በዳውንሂል፣ በቁልቁል መውረድ ውድድር፣ ወርቅ ወሰደች። በዚያው ኦሊምፒክ የእኛን ባንዲራ ይዞ የገባው ሮቤል ተክለማርያም ነበር፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ኒው ዮርክ ያደገ፣ በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው። የእሱ ቁልቁል መውረድ ሳይሆን አገር አቋራጩ ስኪ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን አንዱን ከሌላው እንዴት እንደምትመርጡ። መጀመሪያ ልጆቹን ቤት ትታችሁ፣ ምንም ሳትከራዩ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ብቻችሁን ሂዱ። ቅዳሜ ቀትር ቦታው ሁሉ የሚጋለጥበት ሰዓት ነው። ሻይ ግዙና መስኮቱ ዳር ተቀምጣችሁ ግማሽ ሰዓት የጀማሪዎቹን ቦታ ብቻ ተመልከቱ። አናቱን ተዉት።

በአጥር ወይም በገመድ ተለይቷል? ወይስ ከላይ የሚወነጨፉት ጎረምሶች በመካከሉ አቋርጠው ወደ ሰልፉ ይገባሉ? የሚያቋርጡ ከሆነ ሻያችሁን ጨርሳችሁ ውጡ። ሁለተኛ፣ ጀማሪው ወደ ላይ የሚወጣው በምንድን ነው? ማጂክ ካርፔት የሚሉት፣ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለው ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ካለ ትልቅ ነገር ነው፤ ዝም ብላችሁ ቆማችሁ ትወጣላችሁ። የእጅ ገመድ ብቻ ከሆነ ትንሽ ልጅና እንደ እኔ ያለች እናት ክንዳቸው ከእግራቸው በፊት ይደክማል። ሦስተኛውንና ብዙ ሰው የማያየውን ልንገራችሁ፤ መጨረሻው ምንድን ነው? ጥሩ የጀማሪ ሜዳ ታች ሲደርስ ይተኛል፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል። መቆም ያልቻለ ሰው ሜዳው ራሱ ያቆመዋል። የሚያልቀው አጥር ላይ ወይም የሰው ሰልፍ ላይ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መቆም ሳይሆን መፍራት ነው የሚሆነው።

ከዚያ ዓይናችሁን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ከምንጣፉ የተመረቀ ሰው ቀጥሎ የት ይሄዳል? ከቼርሊፍቱ እስከ ታች ድረስ ሳይቋረጥ የሚወርድ አረንጓዴ መንገድ መኖሩን ካርታው ላይ በጣታችሁ ተከተሉ። አንዳንዱ ቦታ አረንጓዴ ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ ሰማያዊ ይሆናል። አረንጓዴ ክብ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር ዳይመንድ የሚባለው ምልክት የሚለካው እዚያው ቦታ ካሉት ሌሎች መንገዶች ጋር ነው። ለአሜሪካ ሁሉ የወጣ አንድ ሚዛን የለም፤ የአንዱ አረንጓዴ የሌላው ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

በረዶውም ነገር አለው። አገር ቤት በረዶ የምንለው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ ይሄኛው ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ እኔም እንደ ልጆቼ ስኖው እለዋለሁ። የእኛ ጉብታዎች አብዛኛውን ስኖው በማሽን ነው የሚሠሩት። ለዚያ ብርዱ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ያህል መውረድ አለበት። የ2023–24 ዊንተር ሚኒሶታ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበርና ማሽን የሌለው ቦታ አለቀለት። አንድ ቀን ሞቅ ብሎ ቀልጦ ሌሊቱን ሲጋገር፣ በማግስቱ ጠዋት መሬቱ መስታወት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጠዋት አትሂዱ። ከሰዓት በኋላ ለስለስ ይላል።

አስተማሪ ግዙ። ባል ሚስቱን መኪና መንዳት ሲያስተምር ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ብዙ ጉብታዎች ለጀማሪ አንድ ጥቅል አላቸው፤ ኪራዩ፣ የጀማሪው ሜዳ ቲኬትና ትምህርቱ በአንድ ላይ፣ ለየብቻ ከመክፈል ይረክሳል። እኔን ያስተማረኝ አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር። የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቢ፣ ኋላቸውን ክፈቺ አለኝ፤ ፒዛ ይሉታል። እኔ ግን ያየሁት አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ ይጠርበው የነበረውን ድግር ነው፣ የማረሻውን ግራና ቀኝ። ድግሩን ከፈት ባደረግሽው ቁጥር ፍጥነትሽ ይቀንሳል ብዬ ለስንት ሴት አስተምሬበታለሁ። የከተማ ልጅ የሆነች ግን ፒዛውን ትያዝ።

ዕቃ አትግዙ፣ ተከራዩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ስኪ ላይ አይሠራም። በተለይ ያገለገለ ስኪ ከቁጠባ ሱቅ በሃያ ዶላር አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ቡቱን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ካረጀ ባለሙያው አላስተካክልም ይላችኋል። ለልጆች በመስከረምና በጥቅምት የስኪ ሱቆች ለሙሉ ወቅቱ ያከራያሉ፣ ሲሞቅ ትመልሳላችሁ። ሦስት አራት ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ያዋጣል።

ኪራይ ቤቱ ቅጽ ያስሞላችኋል፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ችሎታ። እባካችሁ እዚህ ላይ እውነቱን ጻፉ። ስትወድቁ ማሰሪያው ቡታችሁን በስንት ኃይል እንደሚለቅ የሚወሰነው በእነዚህ ነው፤ ከ50 በላይ ለሆነ ሰው ላላ ይደረጋል። እኛ ደግሞ ግማሻችን ፓስፖርት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለድን ነን፤ ወረቀቱ የሚያውቀው ዕድሜ ሌላ፣ እናት የምታውቀው ሌላ። ጉልበት የሚቆጥረው የእናትን ነው። ክብደት ላይም አሥር ኪሎ አትቀንሱ፣ አትጨምሩ፣ ቅጹን የሚቀበላችሁ ልጅ ለማንም አይናገርም። ችሎታ ለሚለው ጀማሪ በሉ። ሄልሜት አብራችሁ ተከራዩ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ጂንስ አይሆንም፣ ይረጥባል። ካልሲ አንድ ብቻ፣ ረጅምና ሱፍ ያለበት፤ ሁለት ስትደርቡ እግር ይጨነቅና ይበልጥ ይበርዳል። ሻርፕና ነጠላ፣ ገመድም ቼርሊፍትም ይይዘዋልና ቤት ይቅር፤ አንገት ላይ የሚጠለቀውን ግዙ። ፀጉራችሁን ወፍራም ሹሩባ ከተሠራችሁ ሄልሜቱ አይገባም፤ ቀጭንና ወደ ታች ይሁን፣ ጫፉም ጃኬት ውስጥ ይግባ። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ፋራናይት ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 15 ማይል ከሆነ፣ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርድ ሊበላው ይችላል። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ ቀልቶ አይታይም፤ ገርጥቶ ወይም አመድ መስሎ ነው፣ ስለዚህ የልጆቹን ጉንጭና ጆሮ በእጃችሁ ዳስሱ። ብርድ የበላው ቆዳ እንደ ሰም ይጠነክራል። አሻሹት የሚል ካለ አትስሙት፤ ወደ ሙቀት አስገቡት።

መቼ? በሥራ ቀን ማታ። ጉብታዎቹ መብራት አላቸው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰልፍ የለም። ቲኬቱንም ቀደም ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ግዙ፤ መስኮቱ ላይ የሚከፈለው ውዱ ነው። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ያለበትን የሳምንት መጨረሻ እርሱት፣ አገሩ ሁሉ ይወጣል፤ እኛም ብዙ ጊዜ የጥምቀት ድግስ ላይ ነን። ወቅቱ በነቢያት ጾም ጀምሮ ዐቢይ ጾም ውስጥ ያልቃል፣ ካፌያቸው ውስጥ ያለው ደግሞ በርገርና አይብ የፈሰሰበት ናቾስ ነው። የራስን ምግብ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ሽሮ በቴርሞስ እይዛለሁ። ቆሎ ግን የጃኬት ኪስ ውስጥ አትጨምሩ፤ ስትወድቁ እንደ ዘር ትበትኑታላችሁ።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ከእኛ ራቅ ይልባችኋል። ፔንሲልቬንያ ገብታችሁ ሊበርቲ፣ ዋይትቴይል ወይም ራውንድቶፕ መድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት ነው፤ እነሱም ከእኛ ጉብታዎች ይረዝማሉ። ቢሆንም መለኪያው ያው ነው፣ ግርጌውን ተመልከቱ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ያላችሁ ግን ታድላችኋል፤ የ1988ቱ የክረምት ኦሊምፒክ አንዳንድ ውድድሮች የተካሄዱበት ዊንስፖርት ከተማው ውስጥ ነው፣ ከሥራ ወጥታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ቁልቁለትም ቼርሊፍትም አይሆንልኝም የምትሉ፣ በተለይ ጉልበታችሁ የሚያማችሁ፣ የሮቤልን ዓይነት ሞክሩ። ሚኒያፖሊስ ምዕራባዊ ዳር ያለው ቴዎዶር ዎርዝ መናፈሻ አገር አቋራጭ መንገዶች አሉት፤ ስኖው ባይጥልም በማሽን ይሠሩለታል። በየካቲት 2024 የዓለም ዋንጫ ውድድር የተደረገው እዚያ ነው። ስኪው ቀላል ነው፣ ቡቱ እንደ ስኒከር ይታጠፋል፣ ፍጥነቱም የእናንተው ነው። ባለቤቴ ከኮሎራዶ ወዲህ ሌላ ነገር እግሩ ላይ አላሰረም። እሱ እዚያ ዛፍ ለዛፍ ሲዞር፣ እኔና ልጄ ማክሰኞ ማታ ጉብታችን ላይ ነን። አሁን እሷ ቀድማኝ ወርዳ ታች ቆማ "እማዬ፣ ድግር! ድግር!" ትለኛለች፤ አጠገቧ የቆሙት ፈረንጆች ምን ማለቷ እንደሆነ አይገባቸውም።