«ኦብራዶር» ልበል ወይስ «ሎፔዝ»?

ጥያቄ፦ የውጭ ዜና እተረጉማለሁ። ስለ ቀድሞው የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ስለ አንድሬስ ማኑዌል ሎፔዝ ኦብራዶር ስጽፍ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ኦብራዶር» ብዬ አሳጠርኩት። አርታኢዬ «ሎፔዝ» ብሎ አረመው። አንዲት ባልደረባዬ ደግሞ «እኛ ሰው የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ አንድሬስ ማኑዌል በለው» አለችኝ። ማናችን ነን ልክ? እግረ መንገዴን፣ የኡራጓዩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰውዬስ «ጆሴ ሙጂካ» ናቸው ወይስ «ሆሴ»?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሦስታችሁም ትንሽ ትንሽ ልክ ናችሁ። ዜናው ላይ መውጣት ያለበት ግን «ሎፔዝ ኦብራዶር» ነው። ሁለቱም አብረው።

እኛ ዘንድ «ታደሰ በቀለ ደምሴ» ሲባል ታደሰ ራሱ፣ በቀለ አባቱ፣ ደምሴ አያቱ ነው። የእስፓንኛ ስም የሚሸውደን እዚህ ላይ ነው። ሲያዩት የኛን ይመስላል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለውን አያት እናደርገዋለን። አያት አይደለም፤ የእናት ወገን ነው። አንድሬስ ማኑዌል የራሱ፣ ሎፔዝ የአባቱ ቤተሰብ፣ ኦብራዶር የእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። የቀድሞውን የኩባ መሪ ብንወስድ ሙሉ ስሙ ፊደል አሌሃንድሮ ካስትሮ ሩዝ ነው። ካስትሮ ከአባቱ መጣ፣ ሩዝ ከእናቱ ከሊና ሩዝ። (የሚበላው ሩዝ አይደለም።)

እንግዲህ «ኦብራዶር» ብቻ ሲሉ ሰውየውን በእናታቸው ቤት ስም ብቻ ጠሯቸው ማለት ነው። ነውር የለበትም፤ ግን የተለመደው አጠራር አይደለም። አርታኢዎ የያዙት ደንቡን ነው፤ ማሳጠር ካስፈለገ የሚቀረው የአባት ነው። የስፔኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ሳንቼዝ ፔሬዝ-ካስቴሆን «ሳንቼዝ» ናቸው። የቬኔዙዌላው ኒኮላስ ማዱሮ ሞሮስ «ማዱሮ» ናቸው። ታዲያ «ሎፔዝ» ለምን አይበቃም? ሎፔዝ እዚያ እንደኛ አበበ ስለሆነ ነዋ! ገበያ መሃል ቆመው «ሎፔዝ!» ቢሉ ስንቱ ዞር እንደሚል አስቡት። ስለዚህ የእናት ስም ይጨመርበታል።

አንዳንዴማ የአባት ስም ጭራሽ ይዘለላል። ከ2004 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ስፔንን የመሩት ሆሴ ልዊስ ሮድሪጌዝ ዛፓቴሮ አገራቸው ውስጥ «ዛፓቴሮ» ናቸው፤ ሮድሪጌዝ በየደጁ አለ። ዛፓቴሮ ማለት ጫማ ሰሪ ነው። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከሰሙት አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በእስፓንኛ ስሞች ጫፍ ላይ ያለችው «ኤዝ» የዋዛ አይደለችም። «የእገሌ ልጅ» ማለት ናት። ሎፔዝ የሎፔ ልጅ፣ ሳንቼዝ የሳንቾ ልጅ፣ ሮድሪጌዝ የሮድሪጎ ልጅ፣ ፈርናንዴዝ የፈርናንዶ ልጅ። በመካከለኛው ዘመን እነሱም እንደኛ ነበሩ፤ ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የልጅ ልጁ ደግሞ በራሱ አባት። በኋላ ነው ስሙ ረግቶ ሳይለወጥ መውረስ የጀመረው። ዛሬ የሳንቼዝን አባት ሳንቾ ብለው ቢፈልጉ አያገኙም።

ወደ ባልደረባዎ ልምጣ። ሐሳቧ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሎፔዝ ኦብራዶር ደጋፊዎች ራሳቸው «አንድሬስ ማኑዌል» ይሏቸዋል። ቦሊቪያ ውስጥ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስን ሞራሌስ ከማለት «ኤቮ» ማለት ይቀላል። ኩባ ውስጥ ደግሞ «ፊደል» ነው፤ ኩባ የተማሩ አንድ ጎረቤት አሉኝ፣ ካስትሮ ሲሉ አንድ ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። እንዲያውም «ዶን» የሚለው የአክብሮት ቃል እንደኛ «አቶ» የሚቀድመው የራስን ስም ነው፤ ዶን ፔድሮ ይባላል። ከቤተሰብ ስም ጋር የሚሄደው «ሴኞር» ነው።

አንዳንዴ በራስ ስም መጥራት ግድ ይሆናል። አርጀንቲናን ከ2003 እስከ 2007 የመሩት ኔስቶር ኪርችነር ነበሩ። ቀጥለው እስከ 2015 የመሩት ባለቤታቸው ክሪስቲና ፈርናንዴዝ ዴ ኪርችነር ናቸው። «ዴ ኪርችነር» የባል ስም ነው፤ የራሳቸው ፈርናንዴዝ ነው። «ፕሬዚዳንት ኪርችነር» ብቻ ብለው ቢጽፉ አንባቢው የትኛው ይላል። አገራቸው «ክሪስቲና» ብሎ ገላግሎታል። ዜና ላይ ግን በራስ ስም ብቻ መጥራት ወገንተኝነት ያስመስላል። ኤቮ፣ ፊደል፣ ክሪስቲና ሲባል ውስጡ ፍቅር አለ፤ አንዳንዴም ንቀት። ለተርጓሚ ሁለቱም አይሆኑም።

አሁን አጻጻፉ። የእስፓንኛ ስም ወደኛ የሚመጣው በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ መንገድ ላይ ይላላጣል። እኛ ጀ እያልን የምንጽፋት ፊደል (J) እዚያ ሀ ናት፤ ከጉሮሮ የምትወጣ፣ ጠንከር ያለች። ሆሴ፣ ሆርሄ፣ ሁዋን፣ ሃቪየር። ስለዚህ ሰውየው ሆሴ ሙሂካ ናቸው። «ጆሴ ሙጂካ» አንድ ስም ውስጥ ሁለቴ መሳሳት ነው። የሚያስቀው ደግሞ ሀ ብለን የምንጽፋት (H) እዚያ ድምፅ የላትም። የቀድሞው የቬኔዙዌላ ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝ በአገራቸው «ኡጎ» ነበሩ። ሃቫናም «አባና» ናት።

ኝ ላይስ? ከሎፔዝ ኦብራዶር በፊት ሜክሲኮን የመሩት ኤንሪኬ ፔኛ ኒዬቶ ናቸው። «ፔና» ተብለው ተጽፈው ሳይ ይቆጨኛል። እንግሊዝኛ ኝ የሚባል ፊደል የለውም። እኛ አለን! ቤት ውስጥ ያለን ዕቃ ከጎረቤት መበደር ምን ይሉታል?

የተላመድነውን ግን አልነካም። እስፓንኛ ዝ የሚል ድምፅ የለውም፤ ላቲን አሜሪካኖቹ «ሳንቼስ» ነው የሚሉት። ይሁንና ሳንቼዝ ለምዶብናል፣ እኔም እዚሁ ስጽፈው ዋልኩ። የማይዋጥልኝ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ሰው «ጉተሬዝ» ማለታችን ነው። አንቶኒዮ ጉተሬስ ፖርቹጋላዊ ናቸው፤ ስማቸው በዝ አይጻፍም። እስፓኛዊ ያደረግናቸው እኛ ነን። ቼ ጉቬራም በትክክል «ጌባራ» ነው፤ መሃሏ ያለችው ኡ አትነበብም። የስልሳዎቹ ተማሪዎች ግን በመፈክራቸው ከሆ ቺ ሚን ጋር አሰልፈው ጉቬራ ብለውታል፤ አሁን ማን ይነካዋል? «ቼ» ራሱ ስሙ አይደለም፣ ስሙ ኤርኔስቶ ነው። አርጀንቲናዎች ሰው ሲጠሩ እንደኛ «ስማ!» የሚሉባት ቃል ናት።

ፊደል ካስትሮንም እንዲሁ። እንደ አገሩ ከሆነ «ፊዴል» ነው። እኛ ግን ሀሁ ያስቆጠረንን ቃል ሰማን፣ እንደሱ ጻፍነው። የኩባ ወታደሮች ከኛ ጎን ተሰልፈው ነበር፤ ራሱም በመስከረም 1971 ዓ.ም. ለአብዮቱ በዓል አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ያኔ የገባ ስም አይወጣም።

ለርስዎ ጽሑፍ፦ መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ይጻፉ፣ ከዚያ «ሎፔዝ ኦብራዶር» እያሉ ይቀጥሉ፣ ግሡም «አሉ» ይሁን። ለሙሂካ «ሆሴ ሙሂካ»፣ ከዚያ «ሙሂካ»። አገራቸው «ፔፔ» ይላቸው ነበር፤ ሆሴ ለሚባል ሁሉ የሚሰጥ የቁልምጫ ስም ነው። «ፔፔ እንዲህ ብለዋል» ግን ለአማርኛ ጆሮ ይጎረብጣል። ቁልምጫና አንቱታ አንድ ማዕድ አይቀርቡም። የግድ ካስፈለገዎት «በቁልምጫ ስማቸው ፔፔ» ብለው አንዴ ያንሱትና ወደ ሙሂካ ይመለሱ።