«እሰጥ አገባ» ወይስ «እሰጣ ገባ»?

ጥያቄ፦ በዕድራችን ቃለ ጉባኤ ላይ «በድንኳን ኪራይ ጉዳይ በአባላት መካከል እሰጣ ገባ ተነሣ» ብዬ ብጽፍ፣ ሰብሳቢው «ተከራከርን እንጂ እሰጣ ገባ አልገጠምንም» ብለው ይሰረዝ አሉ። አንድ አባል ደግሞ አጻጻፉም ስሕተት ነው አሉኝ። ማንኛቸው ናቸው ልክ?
የዕድር ጸሐፊ፣ ከልደታ

መልስ፦ ሁለቱም።

ትክክለኛው አጻጻፍ «እሰጥ አገባ» ነው። ቃሉ የመጣው ከጥንቱ ችሎት ነው። ተሟጋቾች ለነገራቸው እውነትነት በቅሎ ወይም ማር ይወራረዱ ነበር፤ የተረታው ውርርዱን ለዳኛ ያገባል። እዚህ ላይ ማግባት የትዳሩ አይደለም፣ ገቢ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ግሦች «እኔ» የሚሉ ናቸው፦ እሰጣለሁ፣ አገባለሁ። ፈጥነን ስንናገር «ጥ» እና «አ» ይዋሐዳሉና «እሰጣገባ» ይሆናል፤ ጸሐፊው ኋላ ሲለያየው «ጣ» ላይ ይቆርጠዋል። በዚህ አቆራረጥ «ገባ» ብቻውን ይቀራል፤ ማን የት እንደገባ አይታወቅም።

ወደ ሰብሳቢው ቅሬታ ስንመጣ፣ ክርክር ማስረጃና ምክንያት ይዞ መነጋገር ነው፤ ነቀፋ የለበትም። እዚያው ልደታ ፍርድ ቤት ባለጉዳዮቹ «ተከራካሪ ወገኖች» ነው የሚባሉት። እሰጥ አገባ ግን ዛሬ ውርርዱ ቀርቶ መልስ በመልስ መመላለሱ ብቻ የተረፈበት ቃል ነው፤ ማንም ለማንም አይለቅም፣ ነገሩም ፈቅ አይልም። ስድብም ቡጢም አያስፈልገውም፤ ወደዚያ ካለፈ ጠብ ይባላል። ንትርክ ከዚህ ያንሳል፣ በጥቃቅን ነገር ላይ መነታረክ ነው። ጭቅጭቅ ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሌላውን ሊጨቀጭቅ ይችላል። እሰጥ አገባ ግን ያለ ሁለት ወገን አይሆንም። «ውዝግብ» ለድንበርና ለምርጫ ይሁን፤ ለድንኳን ኪራይ ይበዛበታል።

እንግዲህ አባላቱ ዋጋና ደረሰኝ እያነሡ ከተነጋገሩ «ሰፊ ክርክር ተደርጎበት በድምፅ ብልጫ ተወሰነ» ይበሉ። ያለ ውሳኔ የተበተነ ስብሰባ ከሆነ እንኳ በቃለ ጉባኤ «ስምምነት ላይ ስላልተደረሰ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ማለቱ ይሻላል፤ እሰጥ አገባ ፍርድ ያዘለ ቃል ነውና ለጋዜጣ አስተያየት ይመቻል፣ ለመዝገብ አይመችም።

ሲጠቀሙበት ግሡ «ገጠሙ» ወይም «ተያያዙ» ነው፤ «እሰጥ አገባ አደረጉ» አይጥምም። ቅጥያው ሁልጊዜ ሁለተኛው ቃል ላይ ይውላል፦ እሰጥ አገባው፣ እሰጥ አገባቸው። «እሰጥ አገባዎች» የሚለውን ብዙ ቁጥር ይተዉት፤ ቃሉ ራሱ መመላለስን ስለያዘ አያስፈልገውም።