ሳይመዘን የቀረው ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። በረዳት ተመራማሪነት ተቀጥራ የሐይቅ ዓሣን ብዛት በኮምፒውተር ስሌት እየገመተች ነው። «ጋሼ፣ የተረከብኩት የዓሣ መዝገብ ብዙ ባዶ ቦታ አለው። በአማካይ ልሙላው ወይስ ልሰርዘው?» ትላለች። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ እኔን ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣችኝ። የትኛውን ፕሮግራም ልማር እያላችሁ የጻፋችሁልኝ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ፤ እሱ በሦስት ወር የሚለመድ ነገር ነው።

በ1987 ዓ.ም. ባሕር ዳር ነበርኩ፤ እንደ እሷ ረዳት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀልባዎቹ ወደሚያራግፉበት ዳርቻ እወርዳለሁ፤ አንድ የእንጨት መለኪያ ሰሌዳ፣ አንድ የሚንጠለጠል ሚዛንና አንድ ደብተር ይዤ። ዓሣውን ሰሌዳው ላይ አጋድሜ ርዝመቱን እለካለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እጽፋለሁ። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ሐይቅ ላይ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች በዚያ ስም ይጠራሉ። አፋቸውን እያየሁ ለመለየት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። ልብሴ ስለሚሸት የቤት አከራዬ ጫማዬን ከደጅ እንዳወልቅ ታደርገኝ ነበር፤ ዓሣ ይዤላት ስመጣ ግን ሽታው ትዝ አይላትም!

ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም መረቦች ጣና ላይ ገብተዋል። ከዚያ በፊት የደንገል ታንኳ ነበረ፤ ታንኳ ደግሞ ከዳር ብዙ አይርቅም። ክረምቱ ሲያበቃ ከነጭ ዓሣ ብዙው እንቁላሉን ጠጠር ላይ ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። መረቡ የሚጠብቀውም እዚያው ነው። አንድ ሌሊት ጀልባው ሞልቶ ይመጣል፤ መንጋው ካለፈ ወይም ካለቀ በኋላ ደግሞ ለቀናት ምንም የለም።

አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ነበሩ። ባዶ ጀልባ ይዘው ሲደርሱ ሰላምታ ሰጥቻቸው ወደሚቀጥለው ጀልባ እሄዳለሁ። አንድ ቀን መረባቸውን እያጠፉ፣ «ልጄ፣ ባዶ እጄን ስመጣ ለምን አትጽፈኝም?» አሉኝ።

«አባቴ፣ የሚመዘን ነገር የለም እኮ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከቀኑ በታች ያለውን መስመር እንዳለ ተውኩት።

ቢሮ ስንመለስ ለአምስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነበረን። መዝገቡን አስገባሁ፤ ባዶው መስመር ባዶ ሆኖ ገባ፤ ፕሮግራሙም እንደሌለ ቆጥሮ አለፈው። ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ጀልባ አሥር ቀን ወጥቶ አምስቱን ቀን 20 ኪሎ ካመጣ፣ አምስቱን ቀን ባዶውን ከተመለሰ፣ በቀን 10 ኪሎ ነው። የእኔ መዝገብ 20 ይላል። ዓሣው እየመነመነ ሲሄድ ባዶ ቀኖቹ ይበዛሉ፤ የእኔ አማካይ ግን ንቅንቅ አይልም። ሞዴሉ፣ ማለትም የኮምፒውተር ስሌቱ፣ ከዚያ አማካይ ተነሥቶ የሐይቁን የዓሣ ክምችት ይገምታል፤ የዓሣው የእድገት ቀመርና የሞት መጠኑ ሁሉ በትክክል ገብተዋል፤ ሥዕሉም ያምራል። መሥመሩ አግድም፣ ቀጥ ያለ ነው።

ስሕተቱ የገባኝ አንድ ማታ ደብተሩን ሳገላብጥ ነው። ሪፖርቱ ግን ታትሟል፤ አለቃዬም ደስ ብሎታል። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ «በአንድ ጉዞ የሚገኘው ምርት የተረጋጋ ስለሆነ የወንዝ አፎቹን በመራቢያ ወቅት ለአጥማጅ መዝጋት ለጊዜው አያስፈልግም» ተብሎ ሲነበብ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። እጄ ላይ እስክሪብቶ ነበረ፤ እሱን ስከፍት ስዘጋ ስብሰባው አለቀ።

ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ በራሳቸው መረብ ናሙና እየወሰዱ ያሳተሙትን አነበብኩ፤ በእነዚያው ዓመታት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ነጭ ዓሣው በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ነበር። የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315፣ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። እኔ ብናገር ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ምናልባት ምንም። የአንድ ረዳት ደብተር ሐይቅ አያድንም። ይህን ለራሴ ስነግረው ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን ግን አላመንኩትም።

አዲስ ተቀጣሪ ሁልጊዜ ከአለቃው ጋር አይከራከር ባይ ነኝ፤ ስለ ሥዕሉ ቀለምና ስለ ስም ቅደም ተከተል የሚጨቃጨቁ ወጣቶች ያደክሙኛል። ያን ቀን ግን ወንበር ገልብጬም ቢሆን መነሣት ነበረብኝ። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም።

ደግሞ ልውቀሳችሁ። የዛሬ ልጆች ዓሣውን ሳትነኩ መዝገቡን በኢሜይል ትቀበላላችሁ። ሚዛኑ ዝናብ ሲመታው እንደሚከብድ፣ በጾም ሰሞን ገበያው ሲደራ የሚወጣው ጀልባ እንደሚበዛ (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለቀሳውስቱ ትቼዋለሁ) ከስክሪኑ ላይ አይታይም። ነገር ግን ሚዛኑን የያዝኩት፣ ዝናቡ የመታኝ እኔ ነኝ፤ መስመሩን ባዶ የተውኩትም እኔው። ይህች ልጅ ከቢሮዋ ሳትወጣ ጠይቃለች።

ልጄ፣ አትሙዪው፤ አትሰርዢውም። መጀመሪያ መዝገቡን የጻፈውን ሰው ፈልጊው። ያን ቀን ጀልባ አልወጣም? ወጥቶ ባዶ ተመለሰ? ወይስ መዝጋቢው ታሞ ቀረ? የመጀመሪያው ከስሌቱ ይወጣል፤ ሁለተኛው ዜሮ ነው፤ ሦስተኛው ብቻ ነው በእውነት ባዶ። ሰውየው ካልተገኘ ግምትሽን ሁለት ጊዜ ሥሪው፤ አንዴ ባዶዎቹን ሁሉ ዜሮ አድርገሽ፣ አንዴ አውጥተሻቸው። ሁለቱንም ሪፖርቱ ውስጥ አስገቢ፤ አንዱን አስቀሪ ቢሉሽ እንኳ።

ደብተሬ እስከ ዛሬ አለ። ይህን ከመጻፌ በፊት አወጣሁት። ጳጉሜን 3 የሚል ገጽ አለ፤ ከቀኑ በታች ምንም አልተጻፈም። ያን ቀን ግን እዚያ ነበርኩ። ያካፋ ነበር፤ ሽማግሌው መረባቸውን እያጠፉ ነበር፤ መረቡ ውስጥ አንድም ቅርፊት አልነበረም።