ስለ ጥርስ ትንሽ ልቆጣችሁ

ደሴ ሆጤ ነው ያደግሁት። ቨርጂኒያ ከገባሁ 19 ዓመት ሆነኝ። ስንቱን አዲስ መጪ ከኤርፖርት እንደተቀበልኩ አልቆጠርኩም። ሁሉም ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ሥራ ይጠይቀኛል። ጥርሴን አመመኝ የሚለኝ ግን ጉንጩ ካበጠ በኋላ ነው። እሱንም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደውሎ።

1. ወረቀት

የጤና ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ። የጥርሱ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚገዛው፤ ክራውን (የጥርስ ቆብ) ለመሸፈን ወራት የሚያስጠብቅም አለና ሳያማችሁ ግቡበት።

2. «በአንድ ቀን የሚያልቅ ክራውን»

ይህን ማስታወቂያ አይታችሁ ማጭበርበር የመሰላችሁ አላችሁ። አይደለም። ዘዴው በፈረንጆቹ 1985 ዙሪክ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ በጥርስ ሙሌት የተጀመረ ነው። ክራውን ማለት በተሰበረ ወይም በተበላ ጥርስ ላይ የሚደፋ ቆብ ነው። በድሮው አሠራር ሐኪሙ ጥርሳችሁን ሊጥ በመሰለ ነገር ይለካል፣ ልኩ ላቦራቶሪ ይሄዳል፣ እናንተ ጊዜያዊ ቆብ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ጎን ታኝካላችሁ።

በአዲሱ ግን የተበላሸው ይጸዳል፣ ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፣ ከዚያ ትንሽ ካሜራ አፍ ውስጥ ገብታ ታነሳዋለች። ቅርጹ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። አጠገቡ ያለው ማሽን ደግሞ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የሴራሚክ ቁራጭ ውሃ እየረጨ ይፈለፍላል። ሩብ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። የኔዋ ከማሽኑ ስትወጣ ሐምራዊ ነበረች። «ይቺን ነው አፌ ውስጥ የምትከቱት?» አልኩ። ሐኪሟ ሳቀች። ምድጃ ገብታ ስትወጣ ነው የጥርስ መልክ የያዘችው። ከወንበሩ ስነሳ ከተቀመጥኩ ሁለት ሰዓት ከምናምን ሆኖኝ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ጥርስ ከ1,000 ዶላር በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ ግማሹን ነው የሚችለው፣ እሱም ዓመታዊ ጣሪያ አለው።

ደግሞ ክራውን ተአምር አይደለም። የጥርሱ ነርቭ ከተበከለ መጀመሪያ የሥር ሕክምና ይደረጋል። ድድ ከታመመ መጀመሪያ ድዱ ይታከማል። ሴራሚኩ አይበሰብስም፣ ከሥሩ ያለው ጥርስ ግን ይበሰብሳል፤ ስለዚህ መቦረሽ አይቀርም። በጥርሳችሁ የቢራ ቆርኪ የምትከፍቱ ጀግኖችም ተዉ።

3. «አገር ቤት ስሄድ እሠራዋለሁ»

ይህን ያለኝ ሰው ሁሉ አንድ ብር ቢሰጠኝ ኮምቦልቻ ላይ የጀመርኩት ቤት ያልቅ ነበር። መሄዱን አልነቅፍም። ግን ሦስት ሳምንት ፈቃድ ይወጣና ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ዘመድ ጥየቃ ሲባል ያልቃል። ክሊኒክ የሚኬደው መመለሻው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ክራውን ደግሞ ከተለጠፈ በኋላ ንክሻው ከፍ ብሎ ሊያስቸግር ይችላል። ተመልሶ ትንሽ መሞረድ ያስፈልጋል። ያኔ እናንተ የት ናችሁ? አውሮፕላን ላይ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ። ማሽኑ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ አለ ወይስ ልኩ ወደ አዲስ አበባ ይላካል ብላችሁ ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ለሠርግ ፎቶ ብላችሁ ጤነኛ ጥርስ የምታስሞርዱት ደግሞ፣ የተሞረደ ጥርስ መልሶ አይበቅልም። አለቀ።

4. የእናታችሁ አፍ

ከዚህ በላይ ያለውን ብትረሱት አልቀየምም።

እኔ ያቺን ሐምራዊ ቆብ ባስደፋሁበት ዓመት ለታናሽ ወንድሜ የባጃጅ ገንዘብ ላክሁ። ለኮምቦልቻው ቤት ለብረትና ለሲሚንቶ ላክሁ። ለአጎቴ ተዝካርም ላክሁ። ለእናቴም በየወሩ እልካለሁ፣ ግን ለምን እንዳዋለችው ጠይቄ አላውቅም። በቪዲዮ ስንነጋገር ስትስቅ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። ዕድሜ ሲገፋ ጨዋነት ይጨምራል እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር። ሞኝ!

በኋላ አገሬ ስሄድ እህቴ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ተቀበለችኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጣን ሳለ ነገረችኝ። እማዬ ቆሎ ውስጥ ጠጠር ነክሳ መንጋጋ ጥርሷ ተሰንጥቆ ነበር። ክሊኒክ ስትሄድ ይድናል አሏት፤ የሥር ሕክምና ተደርጎለት ክራውን ይደፋበታል። ዋጋውን ጠየቀች። ማስነቀል ስንት ነው አለች። ማስነቀሉ ረከሰ። አስነቀለችው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው።

እኔ የዚያኑ ሰሞን አፌን ከፍቼ የተነሳሁትን ፎቶ ልኬላት ነበር። «እዩት፣ በሁለት ሰዓት!» ብዬ።

ደሴ ገብተን ቡና ተፈላ። ቆሎው ሲዞር እሷ ጋ ሲደርስ ሳትዘግን አሳለፈችው። አየኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አብሽር ልጄ፣ ለኔ ምን ጥርስ ያስፈልገኛል? አንተ ቤትህን ጨርስ» አለችኝ። ቤቱ እስካሁን አላለቀም። ባጃጁም ተሸጧል።

ክራውን የሚደፋው ቢያንስ ጠንካራ ሥር ያለው ጥርስ ሲኖር ነው። ለተነቀለ ጥርስ ቆብ የለም። እኔ ጋ ገንዘቡ ነበር፣ እሷ ጋ ጥርሱ ነበር፣ ጥያቄው ብቻ ነበር የጎደለው። «ደህና ነሽ?» ካላችኋት ደህና ነኝ ትላለች። እንደሱ አትጠይቁ። «በየትኛው ጎን ነው የምታኝኪው?» በሏት። «ሥጋ መቼ በላሽ?» በሏት። እህታችሁን ለብቻዋ ደውላችሁ ጠይቁ። የምትልኩትን ብር «ይሄ የጥርስሽ ነው» ብላችሁ ለዩት፣ ካልሆነ ለጎረቤት መድኃኒት ታውለዋለች። የምትችሉ ለክሊኒኩ በቀጥታ ክፈሉ። ለተዝካሩ ድንኳን የሚያዋጣ ሰው አይጠፋም፣ ስለ እናታችሁ መንጋጋ ግን ማንም አይሰበሰብም።

አሁን ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርተንላታል። እንግዳ ሲመጣ ታደርገዋለች፣ ሲሄድ አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ትከተዋለች። ቆሎ ግን ዛሬም ቆልታ በሰው እጅ ትልክልኛለች። መብሰሉን የሚቀምስላት የጎረቤት ልጅ ነው።